የባሮክ ዘመን የሀርፕሲኮርድ ስዊቶችና ከኋላቸው ያሉት ዳንሶች

ስዊት የሚባለው ባጭሩ በአንድ የድምፅ መሠረት (ለምሳሌ ሁሉም በሶል ሜጀር) የተጻፉ የዳንስ ሙዚቃዎች ተደርድረው ሲቀርቡ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ፣ ማለትም ባሮክ በሚባለው ዘመን፣ ፒያኖ ለሚመስለው ባለ ቁልፍ የክር መሣሪያ ለሀርፕሲኮርድ በብዛት ተጽፏል፣ ዛሬ ግን አብዛኞቻችን የምንሰማው በፒያኖ ነው። ዋናዎቹ ዳንሶች አልማንድ፣ ኩራንት፣ ሳራባንድና ዢግ ናቸው። አልማንድ በፈረንሳይኛ "ጀርመናዊት" እንደማለት ነው፣ ኩራንት "ሯጭ"፣ ዢግ ደግሞ ከእንግሊዞቹ ጂግ የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከሳራባንድ በኋላ ከዢግ በፊት ሚኒዌት፣ ጋቮት ወይ ቡሬ የሚባሉ ሌሎች ዳንሶች ጣል ይደረጋሉ።

የሳራባንድ ታሪክ ያስቃል። ዛሬ የምናውቃት ዝግ ያለች፣ ሁለተኛው ምት ላይ ደገፍ የምትል ጨዋ ናት። ስሟ ግን ቀድሞ ከተጻፈባቸው ቦታዎች አንዱ ፓናማ ነው፣ በ1539፣ ከዛ ስፔን ውስጥ በጊታርና በካስታኔት (በእጅ በሚንቀጫቀጭ የእንጨት ማጨብጨቢያ) የሚጨፍሯት ፈጣን ዳንስ ሆና በ1583 ነውር ናት ተብላ ተከለከለች። አደብ የገዛችው ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ከገባች በኋላ ነው።

ስለ ፈረንሳይ ብዙ የሚወራው ያው ፈረንሳዮቹ ሁሉን ነገር ስለጻፉት ነው። ሉዊ 14ኛ በ1653 ገና በ14 ዓመቱ ፀሐይን ሆኖ በመድረክ ላይ ጨፍሯል፣ በ1661 ደግሞ የንጉሡን የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ። የዳንስ መምህሩ ቦሻም ከ20 ዓመት በላይ አስተምሮታል። በ1700 ፈዬ የሚባል ሰው እርምጃዎቹ በወረቀት ላይ በምልክት የሚጻፉበትን መጽሐፍ አሳተመ፣ በ1725 ፒየር ራሞ (ከአቀናባሪው ራሞ ጋር እንዳይምታታባችሁ) የቤተ መንግሥቱ ግብዣ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ ሳይቀር ዘርዝሮ ጻፈ። ስለዚህ የዛን ጊዜ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ዛሬም በደንብ እናውቃለን።

ሚኒዌትን እንይ። አዳራሹ ሙሉ ሰው አንድ ላይ ተነስቶ የሚጨፍረው አይደለም፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ መሀል ይገባሉ፣ ሌላው እንደ ማዕረጉ ተቀምጦ ወይ ቆሞ ያያል። መጀመሪያ ለንጉሡ እጅ ይነሳሉ፣ ቀጥሎ እርስ በርስ፣ ከዛ ወለሉ ላይ የዜድ ፊደል እየሳሉ ይተላለፋሉ፣ ቀኝ እጅ ይሰጣጣሉ፣ ግራ እጅ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም። ዋናው እርምጃ በስድስት ምት ውስጥ አራት ጊዜ መራመድ ነው፣ ሙዚቃው ግን ሦስት ሦስት ምት በያዙ ባሮች (በወረቀቱ ላይ በመስመር በሚለዩ ክፍሎች) ነው የተጻፈው፣ ማለትም አንድ እርምጃ ሁለት ባር ይፈጃል። ብዙ ፒያኒስት ባር በባር እየቆጠረ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኩራንት ከዚህም ይከብዳል። ፈረንሳዮቹ ስድስቱን ምት አንዴ ሦስት ጊዜ ሁለት፣ አንዴ ሁለት ጊዜ ሦስት አድርገው ያፈራርቁታል፣ በችክችካ ያደገ ጆሮ ግን እንደው ብዙም አይደናገርም ባይ ነኝ። የጣሊያኖቹ ኮሬንቴ ቀለል ያለና የሚሮጥ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የአቀናባሪው የፐርሰል ስዊቶች በ1696፣ የሌላው አቀናባሪ የሄንደል ስምንት ስዊቶች በ1720 ታትመዋል።

የሀርፕሲኮርዱ አጻጻፍ የመጣው በአብዛኛው ጊታር ከሚመስለው የክር መሣሪያ ከሉት ነው። ሀርፕሲኮርድ ክሩን የሚነካው በላባ ጫፍ ነው፣ ቁልፉን ጠንክራችሁ ብትመቱትም ድምፁ እምብዛም አይጨምርም፣ ቶሎም ይጠፋል፣ ስለዚህ ተጫዋቹ እንደ ሉት ተጫዋች ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) በትኖ አንድ አንድ ድምፅ እያስከተለ አየሩን ይሞላዋል። ከፈረንሳይ አቀናባሪዎች ሻምቦንየር በ1670፣ በልጅነቷ ለሉዊ 14ኛ የተጫወተችው ኤሊዛቤት ዣኬ በ1687፣ ዳንግልቤር በ1689 የሀርፕሲኮርድ ሥራዎቻቸውን አሳተሙ፣ ኩፕራን ደግሞ ከ1713 እስከ 1730 ባሉት አራት መጻሕፍት 27 ስብስብ ትቶልናል።

የአራቱን ዳንስ ቅደም ተከተል የፈጠረው አቀናባሪው ፍሮበርገር ነው ይባላል። ይሄ ትልቅ ሰው ሮም ሄዶ ከፍሬስኮባልዲ ተምሮ ቪየና ላይ ያገለገለ ነው፣ እኔም ለሱ ባደላ ደስ ይለኛል፣ ግን ራሱ በእጁ በጻፈው የ1649 ጥራዝ ከስድስቱ ስዊቶች አብዛኞቹ ዢግ የላቸውም፣ በ1656ቱ ደግሞ ዢግ የገባው ሁለተኛ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያስቀመጡት እሱ በ1667 ከሞተ ከዓመታት በኋላ "በተሻለ ቅደም ተከተል" ብለው አምስተርዳም ላይ ያሳተሙት ሰዎች ናቸው።

የጀርመኑ አቀናባሪ ባክ ጋር ሲደርስ አልማንድን የሚጨፍራት የለም ማለት ይቻላል፣ የምትሰማ ሙዚቃ ሆናለች። "የእንግሊዝ" እና "የፈረንሳይ" የሚሉትን ስሞች ለስዊቶቹ ያወጣው እሱ አይደለም። ፓርቲታ ያላቸውን ስዊቶች ግን ከ1726 ጀምሮ አንድ አንድ እያለ በራሱ ወጪ አሳትሞ በ1731 ስድስቱን ባንድ ጥራዝ አወጣቸው፣ ከነዚህ የሚበልጥ ስዊት አለ የሚል ካለ አልከራከርም፣ አላምንምም።

ፒያኖ የጀመረ ሁሉ የሚያውቃት የሶል ሜጀር ሚኒዌትም የባክ አይደለችም። ሚስቱ አና ማግዳሌና በ1725 በጀመረችው ደብተር ውስጥ ስለተገኘች ነው ለሱ የተሰጠችው፣ የድሬስደኑ ኦርጋኒስት የክርስቲያን ፔትሶልድ መሆኗ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። አንድ-ሁለት-ሦስት ብላችሁ ባር በባር አትቁጠሯት። ሬ፣ ሶል-ላ-ሲ-ዶ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሶል፣ እዚህ ድረስ አንድ የዳንስ እርምጃ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ባሮች አራት እርምጃ ይሆናሉ፣ ተነስታችሁ እየተራመዳችሁ ብትዘፍኗት ወዲያው ይገባችኋል።