«አረንጓዴው ሲኦል» ምንድን ነው?

የመኪና ውድድር የሚወድ ሰው ይህን ስም ሳይሰማ አይቀርም። አዲስ ፈጣን መኪና በወጣ ቁጥር «አረንጓዴውን ሲኦል በዚህን ያህል ደቂቃ ዞረው» ይባላል። ስሙ ተረት ይመስላል እንጂ ቦታው በእውን ያለ ነው። በምዕራብ ጀርመን፣ አይፍል በሚባለው ተራራማ አካባቢ፣ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ሲጠማዘዝ የሚውል የአስፋልት መንገድ ነው። ትክክለኛ መጠሪያው ኖርድሽላይፈ ነው። «ሰሜናዊው ዙር» እንደማለት ነው። ኑርበርግሪንግ የሚባለው የውድድር ሥፍራ ዋናና አሮጌ ክፍል ይሄ ነው።

የዛሬዎቹ የፎርሙላ ዋን ትራኮች አንድ ዙራቸው አብዛኛውን ጊዜ 5 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ኖርድሽላይፈ ግን 20.8 ኪሎሜትር ነው። 73 ኩርባዎች አሉት። ከዝቅተኛው ቦታ እስከ ከፍተኛው ድረስ 300 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። መኪናው ቁልቁል ይወረወራል፣ ዳገት ይቧጥጣል፣ ጉብታ ላይ ሲደርስ አራቱም ጎማዎቹ ከመሬት ይነሳሉ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ርዝመቱ ያመጣው ጣጣ ነው። የዚህ ትራክ ታሪክ ሁሉ፣ ክብሩም ሐዘኑም፣ ከርዝመቱ ይመዘዛል ብዬ አምናለሁ። አጭር ትራክ ላይ አሽከርካሪው አንዱን ኩርባ በአንድ ቀን ልምምድ ደጋግሞ ያገኘዋል። እዚህ ግን አንዱ ኩርባ እስኪመለስ ብዙ ደቂቃ ያልፋል። ብዙዎቹ ኩርባዎች ደግሞ ይመሳሰላሉ፤ ከዛፉና ከጉብታው ጀርባ ምን እንዳለም አይታይም። ያልሸመደደ ሰው ይጠፋበታል። የአየሩ ጉዳይም አለ። አንዱ ጫፍ ላይ ፀሐይ እያለ ሌላው ጫፍ ላይ ዝናብ ሊወርድ ይችላል። አንድ መኪና ጫካው ውስጥ ሲገለበጥ ደግሞ እርዳታ የሚደርሰው መቼ ነው? ይህ ጥያቄ ለ50 ዓመት ያህል ሲንከባለል ኖሮ ነው መልስ ያገኘው።

ትራኩ የተሠራው በ1920ዎቹ ነው። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ አይፍል ላይ ውድድር የሚካሄደው በተራ የሕዝብ መንገድ ላይ ነበር። አደገኛ ነበር። አካባቢው ደግሞ ድሃ ነበር፣ ሥራ አጡም ብዙ። የአዴናው አውራጃ አስተዳዳሪ ኦቶ ክሮይትስ ሁለቱን ችግር በአንድ ድንጋይ ለመምታት አሰበ። ግንባታው በ1925 ተጀመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተራራውን ቆፈሩት። ኑርበርግ የምትባለውን መንደርና በመካከለኛው ዘመን የተሠራውን ግንቧን መሃል አድርገው መንገዱን ዙሪያውን ጠመጠሙት። በሰኔ 1927 ተመረቀ። የመጀመሪያውን የመኪና ውድድር በመርሰዲስ ያሸነፈው ሩዶልፍ ካራቺዮላ ነው። ያኔ ደቡባዊ ዙርም ስለነበር ሁለቱ ሲገናኙ 28 ኪሎሜትር አለፉ። ታሪክ የተሠራው ግን በሰሜኑ ነው። የያኔው ርዝመቱ 22.8 ኪሎሜትር ነበር።

ከዚያ ታሪክ ውስጥ ሁለት ቀኖች ሁልጊዜ ይመላለሱብኛል።

የመጀመሪያው ሐምሌ 28 ቀን 1935 ነው። የጀርመን ግራንድ ፕሪ። የጀርመን መኪና ፋብሪካዎቹ መርሰዲስና አውቶ ኡኒዮን በመንግሥት ገንዘብ ተደግፈው 9 መኪኖች አሰልፈዋል። የናዚ ባለሥልጣናት ድሉን ሊያከብሩ ቦታቸውን ይዘዋል። በሌላ በኩል ጣሊያናዊው ታዚዮ ኑቮላሪ አለ። ዕድሜው 42። የሚነዳው አልፋ ሮሜዮ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ጉልበቱም ከጀርመኖቹ መኪኖች በጣም ያንሳል። ነዳጅ ለመሙላት ሲቆም ደግሞ ፓምፑ ተበላሸ። በጄሪካን እየቀዱ ሞሉለት። ከ2 ደቂቃ በላይ ቆሞ ቀረ። አበቃለት የተባለው ያኔ ነው።

አላበቃለትም። አንድ በአንድ እያለፈ መጣ። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ከፊቱ የቀረው የመርሰዲሱ ማንፍሬድ ፎን ብራውኪች ብቻ ነበር። ብራውኪች ኑቮላሪን ለመሸሽ ሲል ጎማዎቹን ጨርሷቸዋል። ቆሞ ለመቀየር ጊዜ የለውም። ዙሩ ሳያልቅ ጎማው ፈነዳ። ኑቮላሪ አልፎት ገባ። ትራኩ አጭር ቢሆን የመኪና ጉልበት ይበልጥ ነበር ብዬ አስባለሁ። እዚህ ግን 22 ዙር ማለት 500 ኪሎሜትር ኩርባ ነው፤ የሰው እጅ ለሞተር ጉልበት መልስ መስጠት የሚችልበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ቀን ነሐሴ 4 ቀን 1957 ነው። አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ 46 ዓመቱ ነው። የሚነዳው ማሴራቲ ነው። ግማሽ ታንክ ነዳጅ ብቻ ይዞ ጀመረ፤ ቀለል ብሎ ርቆ ሊሄድ፣ መሃል ላይ ቆሞ ሊሞላና ጎማ ሊቀይር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሲቆም ግን ሥራው ተጓተተ። ሲወጣ የፌራሪዎቹ ማይክ ሃውቶርንና ፒተር ኮሊንስ ከ45 ሰከንድ በላይ ቀድመውታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል። ፋንጂዮ የትራኩን ሪከርድ በተከታታይ መስበር ጀመረ። ሰበረ፣ በሚቀጥለው ዙር የራሱን እንደገና ሰበረ። ለመነሻ ቦታ በተደረገው ማጣሪያ አንደኛ የወጣው በ9 ደቂቃ ከ25.6 ሰከንድ ነበር። በውድድሩ መሃል ግን 9 ደቂቃ ከ17.4 ሰከንድ ገባ። ሰው በማጣሪያ ካስመዘገበው በውድድሩ ላይ በ8 ሰከንድ ሲሻሻል እስቲ አስቡት። በ21ኛው ዙር ሁለቱንም አለፋቸው። በ3.6 ሰከንድ ብልጫ አሸነፈ። አምስተኛ የዓለም ሻምፒዮናነቱ በዚያው ተረጋገጠ። በፎርሙላ ዋን ያገኘው የመጨረሻ ድልም ያ ሆነ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ነድቶ እንደማያውቅ፣ ደግሞም መንዳት እንደማይፈልግ ራሱ ተናግሯል።

የትራኩ ቅጽል ስም የመጣው ከጃኪ ስቱዋርት ነው። ስኮትላንዳዊው ስቱዋርት በ1968 እዚህ ሲወዳደር ዝናብና ጉም ነበር። ፊት ያለው መኪና የሚታወቀው በጎማው በሚረጨው ውሃ ነው። እጁ ደግሞ ተጎድቶ በድጋፍ ታስሮ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሁለተኛ የወጣውን ግራሃም ሂልን ከ4 ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ። ከ4 ሰከንድ አላልኩም፣ ከ4 ደቂቃ! «አረንጓዴው ሲኦል» የሚለውን ስም ለትራኩ ያወጣለት እሱ ነው። አረንጓዴው ጫካው ነው። ሲኦሉን ማብራራት አያስፈልግም። ስቱዋርት ሦስት ጊዜ ያሸነፈበት ቦታ ነው፤ ግን ወደ ጀርመን ሊሄድ ከቤቱ ሲወጣ ዞር ብሎ ቤቱን ያይ እንደነበር ተናግሯል። ተመልሶ ላያየው እንደሚችል ያስብ ነበር። ፈሪ ሰው የተናገረው ቢሆን ቀላል ነበር። የተናገረው ግን በዝናብ ሁሉንም በ4 ደቂቃ የቀደመው ሰው ነው።

በ1970 አሽከርካሪዎቹ በቃን አሉ። ትራኩ ካልተስተካከለ አንወዳደርም ብለው ቆሙ። ውድድሩ ሆክንሃይም ወደሚባል ሌላ የጀርመን ትራክ ሄደ። ባለቤቶቹ ጉብታዎቹን ዝቅ አደረጉ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ቁጥቋጦውን መነጠሩ፣ የብረት አጥር ተከሉ። በ1971 ፎርሙላ ዋን ተመለሰ። ርዝመቱ ግን ያው ነው። መኪኖቹ ደግሞ በየዓመቱ ይፈጥኑ ነበር።

የፌራሪው አሽከርካሪ ኒኪ ላውዳ በ1975 ማጣሪያ ላይ 6 ደቂቃ ከ58.6 ሰከንድ ገባ። ከ7 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ትራክ ላይ አንወዳደር ብሎ የተሟገተውም እሱ ነው። ከማንም በላይ ፈጥኖ የዞረው ሰው ነበር አደጋው የታየው። የሥራ ባልደረቦቹ ድምፅ ሰጡ፤ ሐሳቡ ወደቀ።

ነሐሴ 1 ቀን 1976 ውድድሩ ሲጀመር መንገዱ ከፊሉ እርጥብ፣ ከፊሉ ደረቅ ነበር። እንደ ልማዱ። ላውዳ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የደረቅ መንገድ ጎማ አስገጠመ። በሁለተኛው ዙር፣ በርግቨርክ ወደሚባለው ኩርባ ሲቃረብ፣ ፌራሪው ከመንገድ ወጥቶ ከዳገቱ ጋር ተላተመ። በእሳት ተያይዞ ተመልሶ መሃል መንገድ ላይ ወደቀ። ከኋላ የመጣ መኪናም ገጨው። የእሳት አደጋ ሰው አልደረሰም። ከእሳቱ ያወጡት አራት ተወዳዳሪዎች ናቸው፦ አርቱሮ ሜርዛሪዮ፣ ጋይ ኤድዋርድስ፣ ብሬት ላንገርና ሃራልድ ኤርትል። መኪናቸውን አቁመው ነበልባሉ ውስጥ ገቡ። ሜርዛሪዮ ቀበቶውን ፈታለት። የእነዚህ የአራቱ ስም ከሻምፒዮኖቹ ስም እኩል መጠራት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አደጋውን የሚያሳየው ምስል የተቀረፀው በቴሌቪዥን ካሜራ አይደለም። አንድ ተመልካች በትንሽ ካሜራው ነው ያነሳው። ቴሌቪዥኑም 22 ኪሎሜትር ጫካ ሊሸፍን አልቻለም ነበር።

ላውዳ ቄስ መጥቶ እስኪጸልይለት ድረስ ከሞት ጋር ታገለ። ከ42 ቀን በኋላ ጣሊያን ውስጥ ሞንዛ ላይ ቁስሉ ሳይድን ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ። ሻምፒዮናነቱን በ1 ነጥብ ብቻ ለጄምስ ሃንት አስረከበ። ፎርሙላ ዋን ወደ ኖርድሽላይፈ አልተመለሰም። ብዙ ሰው የላውዳ አደጋ ትራኩን ዘጋው ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ዕጣው ከዚያ በፊት ወድቋል። ይህን ያህል መንገድ በጠባቂ፣ በሐኪም፣ በአምቡላንስና በካሜራ መሸፈን የሚቻል አልነበረም። አደጋው ሁሉም የሚያውቀውን ነገር በአደባባይ አሳየ።

በ1984 ከጎኑ አዲስና አጭር ትራክ ተሠራ። በመክፈቻው ታላላቅ አሽከርካሪዎች አንድ ዓይነት መርሰዲስ 190 ተሰጥቷቸው ተወዳደሩ። ገና ስሙ ያልገነነው አይርተን ሴና አሸነፈ፤ ሁለተኛው ላውዳ ነበር። ፎርሙላ ዋን ኑርበርግሪንግ ተመለሰ ሲባል ወደዚህ አዲሱ ማለት ነው። ደህና ትራክ ነው። ልብ ግን አያስደነግጥም።

አሮጌው ትራክ አልሞተም። የስፖርት መኪኖች መወዳደራቸውን ቀጥለው ነበር። በ1983 ጀርመናዊው ሽቴፋን ቤሎፍ በፖርሽ 956 አንዱን የማጣሪያ ዙር በ6 ደቂቃ ከ11.13 ሰከንድ ጨረሰው። ገና 25 ዓመቱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤልጂየም ውስጥ ስፓ ላይ በውድድር ሞተ። ሰዓቱ ግን 35 ዓመት ቆየለት። በ2018 ቲሞ በርንሃርድ ከውድድር ሕግ ነፃ በተደረገ ፖርሽ 919 በ5 ደቂቃ ከ19.5 ሰከንድ ዞሮ ሰበረው።

የመኪና ፋብሪካዎችም ጫካውን ይወዱታል። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም በአንድ ዙር ይፈተናል። ደካማ ነገር ቶሎ ይጋለጣል። የማስታወቂያው ሰዓት የሚመጣው ከዚያ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የተለያየ ጎማ፣ የተለያየ ቀን፣ የተለያየ አሽከርካሪ ሲሆን ሁለት ሰዓቶችን ማወዳደር አስቸጋሪ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ትራኩ ለማንም ክፍት መሆኑ ነው። ውድድርም ሙከራም በሌለበት ሰዓት ማንኛውም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍሎ በራሱ መኪና ይገባል። በሕግ ፊት አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው የክፍያ መንገድ ነው። ማለፍ የሚፈቀደው በግራ ብቻ ነው። አጥሩን የገጨ የአጥሩን ዋጋ ይከፍላል። ሳቢነ ሽሚትዝ ያደገችው እዚሁ አካባቢ ነው። እንግዶችን በቢኤምደብሊው ታክሲ ጭና በሙሉ ፍጥነት ታዞር ነበር። በ1996ና በ1997 እዚሁ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፋለች። እሱን ያሸነፈች ብቸኛዋ ሴት ናት። በ2021 በካንሰር ስትሞት የትራኩ የመጀመሪያ ኩርባ በስሟ ተሰየመ።

የ24 ሰዓቱ ውድድር ከ1970 ጀምሮ አለ። አሮጌውና አዲሱ ትራክ ተገናኝተው አንድ ዙር 25 ኪሎሜትር ይሆናል። ከመቶ የሚበልጡ መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ጫካ ውስጥ ይሯሯጣሉ፤ ተመልካቹ ድንኳን ተክሎ፣ እሳት አንድዶ ያያቸዋል። በ2024 ሌሊት ላይ ጉም ወረደ። መኪኖቹ ቆሙ። እስኪገፈፍ ጠበቁ። አልገፈፈም። በመጨረሻ ውጤቱ የተወሰደው በ50 ዙር ብቻ ነው፤ 24 ሰዓት የተባለው ውድድር ከ8 ሰዓት በታች ሆኖ አለቀ።