በወሎ የክሽክሽና የመሰሎቹ ጨቅላ ምልከታ

አማርኛ ለአንበጣ ልጅ ስም አለው፤ ኩብኩባ ይባላል። ክንፍ ያላወጣ፣ እየዘለለ የሚሄድ፣ በመንጋ የሚግጥ ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ቃል የማያውቅ ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የአንበጣ መንጋ በሰሜንና በደቡብ ወሎ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ሲበላ የከተማው ሰውም ስለ አንበጣ ብዙ ተማረ። የተክል ጭማቂ ለምትመጠው ጥቃቅን ነፍሳት፣ ለክሽክሽ፣ ልጅ ግን እንዲህ ያለ የታወቀ ስም አላጋጠመኝም። ሰብል ለሚያጠቁት ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳት፣ ለነጭ ዝንብና ለትሪፕስ፣ ልጅም እንደዚሁ። ትንሽ ስለሆኑ አይታዩም፤ ስለማይታዩም ስም አልወጣላቸውም። እዚህ ላይ ጨቅላ እላቸዋለሁ። ከእንቁላል ወይም ከእናት ሆድ ከወጡበት ቀን ጀምሮ አዋቂ እስከሚሆኑ ያለውን ዕድሜ ማለቴ ነው።

ጨቅላን መመልከት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ክንፍ ያላት ክሽክሽ ከሌላ ማሳ በርራ መጥታ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ነገ ትሄዳለች። ጨቅላ ከተገኘ ግን እናቲቱ እዚያው ተክል ላይ ተቀምጣ ወልዳለች ማለት ነው። ቢጫ ተለጣፊ ወጥመድ የሚይዘው የሚበሩትን ብቻ ስለሆነ፣ ቅጠል ገልብጦ ማየትን የሚተካ ነገር የለም።

የገብስ ክሽክሽ

በወሎ ከሁሉም ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ሳይንሳዊ ስሙ ዲዩራፊስ ኖክሲያ ነው። በዓለም ላይ የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ ተብሎ ይጠራል። በእኛ ሀገር ግን ጉዳቱ የሚብሰው በገብስ ላይ ነው።

የወሎ ደጋ በልግ ያመርታል። በደላንታ፣ በመቄት፣ በለጋምቦና በአካባቢያቸው የበልግ ገብስ የብዙ ቤተሰብ ጉሮሮ ነው። የበልግ ዝናብ ደግሞ አይታመንም። ጀምሮ ያቆማል። ዝናቡ ሲቋረጥና ገብሱ ሲጠወልግ ክሽክሹ ይመቸዋል። በልግ ሲከፋ ሁለት ጠላት አንድ ላይ ይመጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተመዘገበው በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በትግራይ ደጋ ነው። ብዙም ሳይቆይ ወሎ ላይ ታየ። ዘመኑ ያ ክፉ የወሎ ድርቅ የነበረበት ዘመን ነው። ደቡብ አፍሪካ ይህን ክሽክሽ ያየችው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ አሜሪካ ደግሞ በ1986 ቴክሳስ ውስጥ ነው። አውስትራሊያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በዓለም ስለዚህ ነፍሳት ብዙ የተጻፈው ደቡብ አፍሪካና አሜሪካ ከደረሰ ወዲህ ነው። የወሎ ገበሬ ግን ከእነሱ ቀድሞ ተፋጦታል። ይህ ቀደምትነት በአግባቡ ሲነገር ብዙ አልሰማሁም።

መነሻው መካከለኛው እስያና በዙሪያው ያሉ አገሮች እንደሆኑ በሰፊው ይነገራል። እኛ ጋ መቼ ገባ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የተመዘገበበት ዓመት የመጣበት ዓመት ላይሆን ይችላል። ከዚያ በፊትም ኖሮ ይሆናል የሚል ሐሳብ ቢነሳ እኔ በበኩሌ ቀላል አድርጌ አላየውም።

ወደ ጨቅላዋ እንመለስ። እናቲቱ እንቁላል አትጥልም፤ የደረሰ ልጅ ትወልዳለች። ለመውለድም ወንድ አያስፈልጋትም። የምትወልዳት ልጅ ሆድ ውስጥ ደግሞ የሚቀጥለው ትውልድ ፅንስ መፈጠር ጀምሯል። ሦስት ትውልድ በአንዲት ሁለት ሚሊ ሜትር በማትሞላ አካል ውስጥ! ይህን መጀመሪያ የተረዳሁ ቀን ማጉያውን አስቀምጬ ትንሽ ዝም ብዬ ቆይቻለሁ።

ጨቅላዋ አራት ጊዜ ቆዳዋን ትጥላለች። አራተኛውን ስትጥል እናት ለመሆን ደርሳለች። ሞቅ ባለ አየር ይህ ሁሉ አስር ቀን ገደማ ቢወስድ ነው። በደጋው ብርድ ይዘገያል። የተጣለው ቆዳ ነጭና ባዶ ሆኖ ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ጀማሪ ተመልካች ይህን ቆዳ እንደ በሕይወት ያለ ክሽክሽ ቆጥሮ ይሳሳታል። በመርፌ ጫፍ ነካ ቢያደርጉት ይለያል፤ ባዶው ቆዳ ቀላል ስለሆነ ይንከባለላል፤ ጨቅላዋ ግን እግሯን ታንቀሳቅሳለች።

የት ትገኛለች? ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቅጠል ውስጥ። ክሽክሿ ስትመጥ የምትለቀው ምራቅ ቅጠሉ እንዳይዘረጋ ያደርገዋል። ቅጠሉ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል፤ በቁመቱም ነጭ፣ ቢጫ ወይም ወይን ጠጅ ሰንበር ያወጣል። ቤተሰቡ በሙሉ ቱቦው ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ከላይ የተረጨ መድኃኒት በቀላሉ የማያገኘውም ለዚህ ነው። ዛላው ሲወጣም ጢሙ በተጠቀለለው ቅጠል ይያዝና እንደ መንጠቆ ይቆለመማል። ሰንበር ያለውን ቅጠል ከሥሩ ቆርጦ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ በቀስታ መፍታት ነው። ከጫፍ ወደ ሥር ሲፈቱት ትልልቆቹና ትንንሾቹ ተደርድረው ይገኛሉ።

አዋቂዋ ፈዛዛ አረንጓዴ ናት። ሰውነቷ ረዘም ብሎ ጫፍና ጫፉ ይሾላል። ከጅራቷ በላይ ሌላ ጅራት የሚመስል ጉጥ አላት። በጎን ሲያዩዋት ባለ ሁለት ጅራት ትመስላለች። በትንሿ ላይ ይህ ምልክት ገና ስላልጎላ፣ ጨቅላን ብቻ ይዞ ይቺ ናት ማለት አደገኛ ነው። አዋቂ አብሮ መፈለግ ያሻል።

አንድ ምልክት ግን በጨቅላዋ ላይ ብቻ ይነበባል። የኋለኞቹ ደረጃዎች ላይ ትከሻዋ አካባቢ ትንንሽ የክንፍ እምቡጥ ከታየ፣ ክንፍ አውጥታ ልትበር ተዘጋጅታለች። ይህ የሚበዛው ቅጠሉ ሲጨናነቅ ወይም ተክሉ ሲደክም ነው። እምቡጥ ያላቸው ጨቅላዎች ከበዙ የጎረቤት ማሳም መታየት አለበት።

ሌሎቹ

በአተርና በምስር ላይ የሚገኘው የአተር ክሽክሽ ከገብሱ ይተልቃል፤ እግሩም ረዥም ነው። ሲነኩት ራሱን ወደ መሬት ስለሚጥል፣ መጀመሪያ ወረቀት ከሥር ዘርግቶ ከዚያ ተክሉን ማራገፍ ይሻላል። የማሽላ ክሽክሽ በቅጠል ሥር ተሰብስቦ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወርዳል።

በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርት ላይ የሚመጣው ትሪፕስ አካሄዱ ሌላ ነው። እንቁላሉን ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ይቀብራል። የሚመገቡት ጨቅላዎች ሁለት ደረጃ አላቸው። ሁለቱም አዲስ ቅጠል ከሚወጣበት አንገት ውስጥ ይሸሸጋሉ። ከዚያ ወደ አፈር ወርደው ሳይበሉ ይቆዩና አዋቂ ሆነው ይወጣሉ። አንገቱን ፈልቅቆ ያላየ ሰው ሽንኩርቴ ንጹሕ ነው ቢል አልፈርድበትም።

በቲማቲምና በበርበሬ ላይ ያለው ነጭ ዝንብ ደግሞ ለምልከታ ከሁሉም ይደላል። ከእንቁላል የወጣችው ጨቅላ ለጥቂት ጊዜ ትሄዳለች። የሚስማማትን ቦታ ስታገኝ እዚያው ትለጠፍና አዋቂ እስክትሆን አትነቃነቅም። ባለሙያዎች የነጭ ዝንብን ዝርያ የሚለዩት ከሚበረው አዋቂ ይልቅ በዚህች በተለጠፈችው የመጨረሻ ደረጃ ጨቅላ ነው። ጨቅላ ማየት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው ለሚል ሰው ይህን መንገር ይበቃል።

ደገዛን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። የጤፍ ጠላት ነው፤ በእንግሊዝኛም የሚጠራው በወሎ ስም ነው። ነገር ግን ፌንጣ መሰልና ትልቅ ስለሆነ ከዚህ ዳሰሳ ውጭ ነው።

የሚሠሩት ሰዎች

ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ሀብሩ ውስጥ፣ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ለምሥራቅ አማራ ደረቅ አካባቢ ብዙ ሠርቷል። ሆርማት፣ ብርሃን፣ ምስክር እና ጊራና-1 የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች የእሱ ፍሬ ናቸው። ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ግብርና ያስተምራል። በየቀበሌው ያሉት የልማት ሠራተኞች ደግሞ ማሳ ለማሳ የሚዞሩት ናቸው። ብዙዎቹ ማጉያ የላቸውም። አስር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ቢደርስ ምኞቴ ነው።

ሲመለከቱ

ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ጥሩ ነው። ማጉያው ወደ ዓይን ይጠጋል፤ ቅጠሉ ወደ ማጉያው ይመጣል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርግና ምንም አላየሁም ይላል። የስልክ ካሜራ በማጉያው በኩል ማንሳት ይችላል፤ እጅ ብቻ አይንቀጥቀጥ። ለማስቀመጥ 70 በመቶ አልኮል ይበቃል። ከፋርማሲ የሚገዛው ይሆናል። ቀለሟ ግን አልኮል ውስጥ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ፎቶ ማንሳት ነው። ቦታው፣ ቀኑ፣ ከፍታውና ሰብሉ በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል።

ወዳጅንም መለየት ያስፈልጋል። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ልጅ እናቷን በፍጹም አትመስልም። ረዘም ያለች፣ ጠቆር ያለች፣ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ነጥብ ያላት ፈጣን ፍጥረት ናት። ጨካኝ ስለምትመስል ሰው በጣቱ ይጨፈልቃታል። የምትበላው ግን ክሽክሽ ነው። አብጣ ቡናማ የሆነች፣ የማትንቀሳቀስ ክሽክሽ ከተገኘችም ውስጧ የጥገኛ ተርብ ልጅ እያደገ ነው። ጀርባዋ ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ተርቡ ወጥቷል። እሷን ቅጠሉ ላይ መተው ነው።

በልግም መኸርም በሚዘራበት ደጋ ገብስ ከማሳ ለረጅም ጊዜ አይጠፋም። በመሃል ባሉት ወራት ክሽክሹን አውድማ ዳር ረግፎ በበቀለው ገብስና በድንበር ሣር ላይ መፈለግ ነው። በታኅሣሥና በጥር እዚያ ላይ የተጠቀለለ ቅጠል ከተገኘ፣ ፈትቶ ማየት የሚጀመረው የበልጉ ዘር ሳይወጣ ነው።