እንጦጦ ራስ ላይ የቀረው ግንብ

ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ሁለት ነገር ላይ ነው። አንዱ ባሕር ዛፉ፣ ሌላው ከሥሩ የተዘረጋው ከተማ። ከቤተ ክርስቲያኑ አልፎ በምሥራቅ በኩል፣ ወደ ዋሻ ሚካኤል አቅጣጫ፣ ዛፉ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔም ለዓመታት አልጠየቅኩም።

እዚያ ያለው የመካከለኛው ዘመን የተመሸገ ከተማ ፍርስራሽ ነው። ግንቡ ባለ አምስት ማዕዘን ስለሆነ አጥኚዎቹ «ፔንታጎን» ብለውታል። ሥፍራው 30 ሄክታር ይደርሳል፤ በአያቶቻችን ልኬት የአንድ ጋሻ መሬት ሦስት አራተኛ ያህል ማለት ነው። 12 ማማዎች ያሉት ምሽግና 520 ሜትር ያህል የድንጋይ ግንብ ተለክቷል። ግንቡ ከፍ ባለበት ቦታ 5 ሜትር ይደርሳል። ሦስት ጎልማሶች አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ቢቆሙ ነው የሚደርሱበት። ድንጋዩን ሽበት ወርሶታል። ሩቅ ሆኖ ለሚያየው የእርሻ ካብ ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን ለእርሻ ይህን ያህል የሚደክም ገበሬ እንደሌለ ይገባል።

ከተማዋ ማን ነበረች? ብዙ የሚነሳው ስም በረራ ነው። (ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የአውሮፕላን ቲኬት ነው፤ ታገሱ።) በረራ የተሳለችው ፍራ ማውሮ የተባለው የቬኒስ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ነው። ካርታው ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ የተሳለ ስለሆነ ኢትዮጵያ ከላይ በኩል ትገኛለች። የአገራችንን ወንዝና አውራጃ ከየት አወቀው ቢባል፣ ከዚያው አገር የተወለዱ ካህናት በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት ራሱ ጽፏል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ካርታውን ያስሳሉት የእኛው መነኮሳት ናቸው።

በረራ ከዐፄ ዳዊት ቀዳማዊ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል የነገሥታቱ መቀመጫ ነበረች ይባላል። ያም ሆኖ የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ብዙውን ጊዜ ድንኳን ነው፤ ንጉሡ ከነሠራዊቱ ይዞራል። ለዚህ ነው የድንጋይ ግንብ መገኘቱ የሚያስገርመው። የት ነበረች በሚለው ላይ ግን አጥኚዎች አልተስማሙም። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ከወጨጫ ተራራ እስከ የረር ተራራ ባለው ሰፊ አካባቢ ፈለጓት። እንጦጦ ላይ ነበረች የሚሉት ደግሞ ይህንን ግንብ ያሳያሉ። እኔ ወደ ኋለኞቹ አደላለሁ፤ ቁፋሮ በስፋት ሳይካሄድ መማል ግን አይቻልም።

በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግል ጦር በኢማም አሕመድ ተሸነፈ። በዚያ ዘመቻ በረራ መዘረፏንና መጥፋቷን የኢማሙን ጦርነት የመዘገበው ዐረብ ፈቂህ ጽፏል። ከዚያ በኋላ አካባቢው የኦሮሞ ሕዝብ መኖሪያ ሆነ፤ ፊንፊኔ የሚለው ስምም ከዚያ ይመጣል። በረራና ፊንፊኔ የሚሉትን ስሞች አንዱን በሌላው ለማጥፋት የሚደረገው የፌስቡክ ጦርነት ለግንቡ ምንም አልፈየደለትም። አንድ መሬት ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል።

ምኒልክ እንጦጦ የወጡት የቀድሞ ነገሥታት ከተማ እዚያ እንደነበረች ሰምተው ነው፤ ፍርስራሽም አግኝተዋል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡትም እንጦጦ ማርያም ነው። የሚገርመው የእሳቸው ቤተ መንግሥት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ ኖራ የተቀባ ቤት መሆኑ ነው። ብርዱና የማገዶ እጦቱ ግን አላስቀመጣቸውም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደዱትና ከተማው በ1879 ዓ.ም. ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ባሕር ዛፉ በኋላ የመጣው ለዚያው ማገዶ ነው። ዛሬ በግንቡ አጠገብ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች የዚያው ታሪክ ተከታይ ናቸው።

ዋሻ ሚካኤል በየካ በኩል ነው። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ለማየት ላሊበላ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የአካባቢው ሰው ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሰዋል፤ አጥኚዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያወርዱታል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው በጋ ላይ፣ በጠዋት፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሂድ። ከፍታው 3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ትንፋሽ ያጥራል። ክረምት ላይ ቀዩ አፈር ጫማ ይነጥቃል።