የሞት ቅጣት፦ የተገቢነቱ ክርክር

የሞት ቅጣት መንግሥት በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለን ሰው ሕይወት በሕግ በተደነገገ ሥርዓት የሚያጠፋበት ቅጣት ነው። ከደም መላሽነትና ከፍርድ ውጭ ከሚፈጸም ግድያ የሚለየው ክስ ተመሥርቶ፣ ማስረጃ ተሰምቶ፣ ተከሳሹ ራሱን እንዲከላከል ዕድል ተሰጥቶትና ዳኛ ወስኖ የሚፈጸም በመሆኑ ነው። በቅጣቱ ተገቢነት ላይ የሚደረገው ክርክር ሁለት ጥያቄዎችን በአንድነት ይዟል። አንደኛው እጅግ ከባድ ወንጀል የፈጸመ ሰው ሞት ይገባዋል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ይገባዋል ቢባል እንኳ፣ ከስሕተት ነጻ ያልሆኑት ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ይህን ሥልጣን ሊይዙት ይገባል ወይ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው በእርግጠኝነት «አዎ» የሚል ሰው ለሁለተኛው «አይገባም» ሊል ይችላል፤ ብዙ ክርክር መቋጫ የሚያጣው ሁለቱ ሳይለዩ ሲቀሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰብአዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንደመዘገበው፣ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ 113 አገሮች ቅጣቱን ለማንኛውም ወንጀል ከሕጋቸው አስወግደዋል። በዚያው ዓመት በ15 አገሮች ከ1,500 በላይ ሰዎች በሞት የተቀጡ ሲሆን፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ የተገደሉት በኢራን፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በኢራቅ ነው። ይህ ቁጥር ቻይናን አይጨምርም፤ በዓለም ብዙ ሰው በሞት የምትቀጣው አገር እርሷ እንደሆነች ቢታመንም አኃዙ የመንግሥት ምስጢር ነው። ጃፓን፣ ሕንድ፣ ሲንጋፖርና ከአሜሪካ ግዛቶች ከፊሎቹም ቅጣቱን በሕጋቸው ይዘው ይገኛሉ።

ከሕግ ጋር የኖረ ቅጣት

ቅጣቱ የጽሑፍ ሕግን ያህል ዕድሜ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን የወጣው የሐሙራቢ ሕግ ከቤተ መቅደስ ወይም ከቤተ መንግሥት መስረቅንና በነፍስ ግድያ ክስ በሐሰት መመስከርን ጨምሮ ለበርካታ ጥፋቶች ሞትን ደንግጓል። በእንግሊዝ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ በሞት የሚያስቀጡት ወንጀሎች ከ200 በላይ ነበሩ፤ ከሱቅ 5 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ መስረቅም አንዱ ነበር። የሕጉ ጭካኔ ግን በራሱ ላይ ተመለሰበት። ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ሌባውን ከስቅላት ለማዳን ሲሉ የተሰረቀው ዕቃ ዋጋ ከወሰኑ በታች እንደሆነ እየገመቱ ይፈርዱ ነበር፤ በዚህም ቅጣቱ በከበደ ቁጥር የመፈጸሙ እርግጠኝነት ቀነሰ።

በዘመናዊው ክርክር መነሻ ላይ የሚቆመው ጣሊያናዊው ቸዛሬ ቤካሪያ ነው። በ1764 ስለ ወንጀልና ቅጣት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነፍስ ማጥፋትን የሚጠየፍ ሕግ ራሱ ነፍስ ሲያጠፋ ከራሱ ጋር ይጋጫል ሲል ተከራከረ። የሰውን ልብ የሚመልሰውም ለአንድ ቅጽበት የሚታይ ሞት ሳይሆን ለዓመታት የሚዘልቅ የነጻነት ማጣት ነው ብሎ ጻፈ። በ1786 የቶስካናው መስፍን ሊዮፖልድ ቅጣቱን ከግዛቱ ሕግ አስወገደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከፊል ቢመለስም፣ አንድ መንግሥት ያለ ሞት ቅጣት ሊቆም እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ ተነገረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ቬንዙዌላ በ1863፣ ሳን ማሪኖ በ1865፣ ኮስታ ሪካ በ1877 ቅጣቱን ሙሉ በሙሉ ተዉት። ቀዳሚዎቹ ኃያላን መንግሥታት እንዳልነበሩ ልብ ይሏል።

ይገባዋል ወይ?

የሞት ቅጣት ደጋፊዎች ጽኑ መሠረት ፍርሃትም በቀልም አይደለም፤ የፍትሕ ሚዛን ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ቅጣት ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ሊሆን አይገባውም፣ ወንጀለኛው የሚቀጣው ስለሚገባው ብቻ ነው ይላል። በአንድ ደሴት የሚኖር ሕዝብ ተስማምቶ ሊበተን ቢወስን እንኳ፣ ከመበተኑ በፊት እስር ቤት ያለውን የመጨረሻ ነፍሰ ገዳይ በሞት መቅጣት አለበት፤ ይህ ካልሆነ የፈሰሰው ደም ዕዳ በሕዝቡ ላይ ይቀራል ብሎ ይከራከራል። ይህ አስተሳሰብ በቀላሉ ሊናቅ አይገባውም። ልጁን በግፍ የተነጠቀ ወላጅ «ገዳዩ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፀሐይ ይሞቃል፤ ልጄ ግን አፈር ውስጥ ነው» ሲል የሚናገረው እውነት ነው፤ የቅጣቱ ተቃዋሚም ይህን ሰምቶ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ከሚሰጡት መልሶች ጠንካራው፣ ቅጣት ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠን ማለት ጥፋቱን ይድገም ማለት አይደለም የሚለው ነው። የሰው ቤት ያቃጠለ ቤቱ አይቃጠልበትም፤ ሰው ያሠቃየም በፍርድ ቤት ትእዛዝ አይሠቃይም። ሕግ በእነዚህ ላይ ወሰን ያበጀው ለወንጀለኛው ከማዘን ብቻ ሳይሆን ቅጣቱን የሚፈጽመውን ማኅበረሰብ ክብር ከመጠበቅም ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1995 የሞት ቅጣት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ በሙሉ ድምፅ ሲወስን፣ የሕይወትና የሰብአዊ ክብር መብት የመልካም ሰዎች ብቻ አለመሆኑን አስረግጧል።

የሃይማኖት ወጎችም በዚህ ላይ አንድ ድምፅ የላቸውም፤ በየውስጣቸውም ክርክሩ የቆየ ነው። የሰውን ደም የሚያፈስስ ሁሉ ደሙ በሰው እንደሚፈስስ የሚናገረው የኦሪት ዘፍጥረት ቃል፣ ምክንያቱንም የሰው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠር ያደርገዋል፤ ያው ምክንያት ግን የገዳዩም ሕይወት እንዳይነካ ለሚከራከሩት ወገኖች ማስረጃ ሆኗል። በአይሁድ የሕግ ወግ፣ በ7 ዓመት አንድ ሰው በሞት የቀጣ ሸንጎ አጥፊ ይባላል፤ አንዱ መምህር በ70 ዓመት እንኳ ቢሆን አጥፊ ነው ይላል፤ ረቢ ታርፎንና ረቢ አቂባ እኛ በሸንጎው ብንኖር ኖሮ ከቶ ማንም አይገደልም ነበር ሲሉ፣ ረባን ስምዖን ደግሞ እንዲህ ከሆነማ ነፍሰ ገዳዮች ይበዙ ነበር ሲል ይመልስላቸዋል። የዛሬው ሙግት ሁለት ጫፎች በዚያ አጭር ምልልስ ውስጥ አሉ ማለት ይቻላል። በእስልምና ሕግ ቂሳስ፣ ማለትም ገዳዩ በአጸፋው እንዲቀጣ መጠየቅ፣ ለሟች ቤተሰብ የተሰጠ መብት ሲሆን፣ ቤተሰቡ ካሣ ተቀብሎ ወይም ያለ ካሣ ይቅር እንዲል ቁርኣን ያበረታታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን የመንግሥትን የመግደል ሥልጣን ተቀብላ ከኖረች በኋላ፣ በ2018 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ዘመን ትምህርቷን አሻሽላ ቅጣቱ ተቀባይነት የሌለው ነው ብላለች።

ሌላውን ይገታል ወይ?

በሕዝብ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ምክንያት ግን የሞት ቅጣት ሌላውን ያስተምራል የሚለው ነው። ሰው ከምንም በላይ ሞትን ስለሚፈራ፣ ገዳይ እንደሚገደል ያወቀ እጁን ይሰበስባል የሚለው ግምት ለአእምሮ ቅርብ ነው። በ1975 አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አይዛክ ኧርሊክ አንድ የሞት ቅጣት ሲፈጸም 8 ያህል ግድያዎችን ሊያስቀር እንደሚችል የሚያመለክት ጥናት አሳተመ፤ ጥናቱ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ሳይቀር ተጠቀሰ፣ ወዲያውም በስሌቱ ዘዴ ላይ ብርቱ ትችት ወረደበት። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጥናቶች ከፊሎቹ ቅጣቱ ግድያን ይቀንሳል፣ ከፊሎቹ ይጨምራል፣ ሌሎቹም ምንም ለውጥ አያመጣም አሉ። በ2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ የተካሄዱትን ጥናቶች መርምሮ፣ አንዳቸውም ቅጣቱ በግድያ ብዛት ላይ ስላለው ውጤት አስተማማኝ ነገር እንደማይነግሩና ለፖሊሲ ውሳኔ መነሻ ሊሆኑ እንደማይገባ ደምድሟል።

የችግሩ ሥር ያለው በንጽጽሩ ላይ ነው። መጠየቅ ያለበት የሞት ቅጣት ከምንም ቅጣት ይሻላል ወይ ተብሎ ሳይሆን፣ ከዕድሜ ልክ እስራት የሚበልጥ የመግታት ኃይል አለው ወይ ተብሎ ነው። በቁጣ፣ በስካር ወይም በድንጋጤ የሚገድል ሰው ሁለቱን ቅጣቶች አያመዛዝንም፤ አስልቶ የሚገድለውም ብዙውን ጊዜ አልያዝም ብሎ ነው የሚነሳው። ካናዳ በ1976 ለነፍስ ግድያ ይፈረድ የነበረውን የሞት ቅጣት ስታነሳ፣ ተፈርቶ የነበረው የግድያ መብዛት አልታየም፤ በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት እንዲያውም መጠኑ ቀንሷል። ይህ ብቻውን ቅጣቱ አይገታም ለማለት አይበቃም፤ ይሁን እንጂ ሕይወት የሚያጠፋ ቅጣት ሕይወት ያድናል የሚል ወገን የማስረዳት ሸክሙ የእርሱ ነው፤ ያ ሸክም ደግሞ እስከ ዛሬ አልተወጣም።

የማይመለሰው ስሕተት

ክርክሩ ከሁሉ በላይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ጢሞቴ ኤቫንስ የተባለ የዌልስ ተወላጅ ሕፃን ልጁን ገድለሃል ተብሎ በመጋቢት 1950 በለንደን በስቅላት ተቀጣ። በችሎት ፊት ገዳዩ በዚያው ቤት የሚኖረው ጆን ክሪስቲ ነው ቢልም አልታመነም፤ ክሪስቲ የዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክር ነበርና። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያ ቤት የበርካታ ሴቶች አስከሬን ተገኘ፤ ክሪስቲ የኤቫንስን ሚስት ጭምር መግደሉን አምኖ እርሱም ተሰቀለ። ኤቫንስ ይቅርታ የተደረገለት በ1966፣ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ብሪታንያ በ1965 ለነፍስ ግድያ የሚሰጠውን የሞት ቅጣት ለ5 ዓመት እንድታግድ፣ በ1969ም እገዳውን ዘላቂ እንድታደርግ ካበቁት ጉዳዮች አንዱ ይህ ነበር።

በጃፓን ኢዋኦ ሃካማዳ የተባለው የቀድሞ ቦክሰኛ በ1966 የአንድ ቤተሰብ አራት አባላትን ገድለሃል ተብሎ ተያዘ፤ ለብዙ ቀናት ከዘለቀ ምርመራ በኋላ አመነ፣ በኋላም ቃሉን ካደ፤ በ1968 ሞት ተፈረደበት። ጃፓን ውስጥ የሞት ፍርደኛ የሚገደልበት ቀን የሚነገረው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው፤ ሃካማዳ በዚህ ሁኔታ ዓሥርት ዓመታት አሳልፎ አእምሮው ታወከ። በ2014 ተፈታ፤ በመስከረም 2024 በ88 ዓመቱ ነጻ ሲባል ፍርድ ቤቱ መርማሪዎች ማስረጃ ፈጥረውበት እንደነበር ገለጸ። በአሜሪካ ደግሞ ከ1973 ጀምሮ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ነጻ የተባሉት ሰዎች 200 ደርሰዋል። የቅጣቱ ደጋፊዎች ይህ ሥርዓቱ ስሕተቱን ማረም እንደሚችል ያሳያል ይላሉ። ሆኖም ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የተረፉት በይግባኝ መጓተት፣ በጋዜጠኛ ወይም በፈቃደኛ ጠበቃ ትጋት፣ አለዚያም ከፍርዱ በኋላ በተገኘ የዘረ መል ምርመራ ነው፤ ፍርደኛው ከሞተ በኋላ ደግሞ መዝገቡን የሚገልጥ ጠበቃ ማግኘት ብርቅ ነው።

በ1868 በእንግሊዝ ፓርላማ ለቅጣቱ የተሟገተው ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ራሱ የዚህን ነጥብ ክብደት አልሸሸገም። የገዳይን ሕይወት መንጠቅ ለሰው ሕይወት ያለንን ክብር ያሳያል ብሎ ቢከራከርም፣ የፍርድ ሥርዓቱ ለንጹሐን በሚያሰጋበት ወይም ፍርድ ቤቱ በማይታመንበት አገር የስሕተት ክርክር መልስ የማይገኝለት መሆኑን አምኗል። ሚል የአገሩ ሥርዓት ከዚህ አደጋ የራቀ እንደሆነ ያምን ነበር፤ የኤቫንስ ታሪክ ግን የተፈጸመው በዚያው አገር ነው።

ከስሕተቱ ጎን አድልዎ ይቆማል። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ከ2,000 በላይ የግድያ ጉዳዮችን የመረመረ ጥናት፣ ሟቹ ነጭ ሲሆን ተከሳሹ ሞት የሚፈረድበት ዕድል ሟቹ ጥቁር ከሆነበት ጊዜ ከ4 እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳየ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድ የሞት ፍርደኛ ጥናቱን ጠቅሶ ባቀረበው አቤቱታ ላይ በ1987 በ5 ለ4 ድምፅ፣ አኃዙ በዚህ ተከሳሽ ላይ ሆን ተብሎ አድልዎ መፈጸሙን አያረጋግጥም ሲል ፍርዱን አጸና። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ፓውል ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ድምፃቸውን መለወጥ ቢቻላቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ይለውጡት እንደነበር ተናግረዋል። በየትም አገር ቢሆን ብቁ ጠበቃ ማቆም የማይችል ድኻ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ስደተኛና በመንግሥት የተጠላ ተቃዋሚ ለዚህ ቅጣት ከሌላው ይልቅ የተጋለጡ ናቸው።

ዓለም አቀፍ ሕግና የክርክሩ አሁናዊ መልክ

በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን የሞት ቅጣትን አይከለክልም፤ ለ«እጅግ ከባድ ወንጀሎች» ብቻ እንዲወሰን፣ ወንጀሉን ሲፈጽሙ ከ18 ዓመት በታች በነበሩት ላይ እንዳይፈረድ፣ በነፍሰ ጡሮችም ላይ እንዳይፈጸም ያዛል። የቃል ኪዳኑ የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2018 «እጅግ ከባድ» የሚለው ሆን ተብሎ የሚፈጸም ግድያን ብቻ እንደሚመለከት አብራርቷል፤ በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ሞት የሚፈርዱ አገሮች ይህን ትርጓሜ አይቀበሉም። ቅጣቱን ፈጽሞ የሚያስወግደው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ1989 ወጣ።

የዘር ማጥፋት ወንጀል ለዚህ ክርክር ከሁሉ የከበደ ፈተና ነው። በጀርመኗ ኑረምበርግ በተሰየመው ችሎት 12 የናዚ ሹማምንት ሞት ተፈርዶባቸው 10ሩ በጥቅምት 1946 ተሰቀሉ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ የተቋቋሙት የሩዋንዳና የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች ግን የሞት ቅጣት የመስጠት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሩዋንዳ በወቅቱ ይህን አጥብቃ ብትቃወምም፣ በ2007 ራሷ ቅጣቱን ከሕጓ አወጣች።

ቅጣቱን ባስወገዱ አገሮች የክርክሩ ማዕከል ወደ ምትኩ ተሸጋግሯል። አመክሮ የሌለው የዕድሜ ልክ እስራት ማኅበረሰቡን ከአደገኛ ሰው ይጠብቃል፤ ፍርዱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝም በሩ ሊከፈት ይችላል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ግን በ2013 በብሪታንያ ላይ በቀረበ ክስ፣ ፈጽሞ የመፈታት ተስፋና ቅጣቱ ዳግም የሚታይበት መንገድ የሌለው እስራት ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለውን ድንጋጌ እንደሚጥስ ወስኗል። በሌላ በኩል የተጎጂ ቤተሰቦች፣ ሞት ሲቀር የተገባላቸው የዕድሜ ልክ እስራት በየጊዜው ለድርድር መቅረቡን እንደ ክህደት ያዩታል።