ያገለገለ መኪና በኦንላይን ሲገዛ፦ ስለ ክፍያ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን ይፈራል፣ ካምቢዮውን ይፈራል። ለዚህም መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ክፍያው ላይ ሲደርስ ግን «ሰውየው ጨዋ ይመስላል» ብሎ ያልፋል። አጭበርባሪዎች ደግሞ የሚጠብቁት ይህችን ሰዓት ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች ናቸው። እያንዳንዱን ስታነቡ አንድ ጥያቄ ያዙልኝ፦ ማረጋገጫውን ያመጣው ማን ነው? ሻጩ ራሱ ከሆነ እንዳልተረጋገጠ ቁጠሩት።

«የማጭበርበሪያ ማስታወቂያ በዋጋው ያስታውቃል»

አንዳንዴ አዎ። ከገበያው በግማሽ የወረደ ዋጋ ሲታይ መጠርጠር ነው። ግን ይህን ሁሉም ሰው ስላወቀ አጭበርባሪውም አውቋል። ስለዚህ ትንሽ ብቻ ቀነስ ያደርግና ታሪክ ይጨምርበታል። ሥራ ቀይሬ ሌላ አገር ሄጃለሁ፣ ፍቺ ላይ ነን፣ የሟች አባቴ መኪና ነው። ታሪኩ ዋጋው ለምን እንደቀነሰ ያስረዳል። መኪናውን በአካል ማየት ለምን እንደማትችሉም እግረ መንገዱን ይመልሳል። ፎቶዎቹን በምስል መፈለጊያ አስገብታችሁ ፈልጉ። የተሰረቁ ከሆኑ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሰው ስም የወጣ የቆየ ማስታወቂያ ሊወጣላችሁ ይችላል።

«ገንዘቡን ገለልተኛ ድርጅት ስለሚይዘው ስጋት የለም»

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ገዢው ገንዘቡን ለሦስተኛ ወገን ያስረክባል፤ መኪናውን ተረክቦ «ተስማምቶኛል» ሲል ለሻጩ ይለቀቃል። ኤስክሮው የሚሉት ይህንን ነው። እውነተኞቹ ድርጅቶች አሉ። ችግሩ ሐሰተኛ ድረ ገጽ መሥራት የአንድ ቀን ሥራ መሆኑ ነው። ሎጎው ይገለበጣል፣ የደንበኞች ምስጋና ይጻፋል፣ የድረ ገጹ አድራሻ ከእውነተኛው በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል። ሻጩ በላከላችሁ ሊንክ ከገባችሁ ያቺን ፊደል ማን ልብ ይላታል?

ሌላው ዘዴ የታወቀ ስም መዋስ ነው። መኪናው አንድ ቦታ ይለጠፍና «ክፍያው በኢቤይ የገዢ ዋስትና የተሸፈነ ነው» የሚል ደረሰኝ በኢሜይል ይመጣል። ኢቤይ ሰዎች ዕቃ የሚሸጡበትና የሚገዙበት የታወቀ ድረ ገጽ ነው፤ የመኪና ገዢዎች ዋስትናው የሚሠራው ግን እዚያው ኢቤይ ላይ ለተፈጸመ ግዢ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ላያችሁት መኪና አይሠራም። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2011 ስለዚሁ ዓይነት ማጭበርበር ሲያስጠነቅቅ፣ ከ2008 እስከ 2010 ወደ 14,000 የሚጠጉ አቤቱታዎች እንደደረሱትና የጠፋው ገንዘብ 44.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ገልጾ ነበር።

ደረሰኙን በደንብ እዩት። «የዋስትና ክፍሉ» ገንዘቡን በአንድ ግለሰብ ስም በተከፈተ አካውንት አስገቡ ካለ፣ ወይም የስጦታ ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን ላኩ ካለ፣ ወሬው እዚያው አልቋል። ኤስክሮው መጠቀም ከፈለጋችሁ ድርጅቱን እናንተ ምረጡ፣ አድራሻውንም በእጃችሁ ጻፉ። ሻጩ «አይ፣ እኔ ባልኩት ብቻ» ካለ ምክንያቱን ለመስማት አትድከሙ።

«ደውዬ አጣርቻለሁ»

የትኛው ቁጥር ላይ? የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2019 ይፋ ያደረገው አንድ ክስ አለ። በሮማኒያ ሆነው የሌሉ መኪኖችን ለአሜሪካውያን ሲሸጡ የነበሩ ሰዎች ላይ የቀረበ ነው። በክሱ መሠረት እንደ ወታደር ሆነው ይቀርቡ ነበር፤ ለግዳጅ ልንሄድ ስለሆነ ቶሎ መሸጥ አለብን ይላሉ። የታወቁ ድርጅቶችን ስም የያዘ ደረሰኝም ይልካሉ። ከዚያ አልፈው የጥሪ ማዕከል ከፍተው ነበር። ደረሰኙን የተጠራጠረ ገዢ ሲደውል ትሁት «የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ» ያነሳና ያረጋጋዋል። ደረሰኝ ላይ ወደተጻፈ ስልክ መደወል አጭበርባሪውን ስለ ራሱ መጠየቅ ነው። ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ፈልጋችሁ አግኙ።

«መታወቂያውንና ሊብሬውን ልኮልኛል»

የማን መታወቂያ? ብዙ ጊዜ የሚላከው ቀደም ሲል ከተታለለ ሰው የተወሰደ ነው። ሊብሬውም እንደዚሁ ከእውነተኛ ሻጭ «ልየው እስቲ» ተብሎ የተቀበሉት ፎቶ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ማጣራት ይረዳል። በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ላይ 17 ፊደልና ቁጥር አለው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይገቡበትም። (ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት አጠር ያለ ቁጥር ስላላቸው በዚያ ብቻ አትደንግጡ።) ትክክለኛ ቁጥርም ቢሆን መኪናው የሆነ ቦታ መኖሩን እንጂ የሻጩ መሆኑን አይናገርም።

«መኪናውን በዓይኔ ካየሁ፣ ከነዳሁት በቃ»

ብዙ ጠንቃቃ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው መኪናውን ለመሸጥ ማስታወቂያ ያወጣል። አጭበርባሪው ይደውልና «እወስደዋለሁ፣ ማስታወቂያውን አንሳልኝ» ይለዋል። ያንኑ ፎቶ ደግሞ ቀነስ ባለ ዋጋ በራሱ ስም ይለጥፋል። እናንተ ስትደውሉ «መኪናው ወንድሜ ጋ ነው፣ ሄዳችሁ እዩት። ዋጋ ግን አታንሱበት፣ የቤተሰብ ጉዳይ አለ» ይላችኋል። ለባለቤቱ የሚነግረው ሌላ ነው፦ «ለሚመጣው ሰው ዕዳ አለብኝ፣ በመኪናው ልከፍለው ነው። ስለ ዋጋ እንዳታወራው።»

ሁለቱ ይገናኛሉ። ኮፈኑን ከፍተው ስለ ዘይቱ፣ ስለ ጎማው ያወራሉ። ሁለቱም እውነተኛ ሰዎች ናቸው፣ መኪናውም እውነተኛ ነው። ዋጋ ግን ከሁለቱም አፍ አይወጣም። ገዢው በስልክ በተላከለት አካውንት ገንዘቡን ያስገባል። ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ስልኩን ያያል። ምንም አልገባም።

ስለዚህ ስለ ዋጋ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት አውሩ፣ በተለይ አታውሩ ከተባላችሁ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም፣ የመታወቂያው ስምና የባንክ አካውንቱ ስም አንድ ይሁን። ከተቻለ ባንክ ውስጥ ተገናኙ፤ ዋናው ክፍያና የስም ማዞሩ ሥራም አብረው ይሂዱ።

«ትንሽ ቀብድ ብልክ ምን እጎዳለሁ?»

ያቺኑ ትንሽ ቀብድ በአንድ መኪና ስም ከብዙ ሰው መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው» ከተባላችሁ ይውሰደው።

«የሚታለለው ገዢ ብቻ ነው»

ሻጭም ይበላል። በስክሪንሾት የታየ ክፍያ ክፍያ አይደለም፤ ቁልፍ የሚሰጠው የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ነው። ቼክ ሲሆን ደግሞ ባንኩ ቼኩ ሳይጣራ ገንዘቡን በሒሳባችሁ ላይ ሊያሳይ ይችላል። «ከዋጋው በላይ ጽፌያለሁ፣ ትርፉን ለአጓጓዡ ላክልኝ» የሚል ገዢ የሚጠቀመው በዚችው ክፍተት ነው። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ ባንኩ ገንዘቡን ከናንተ ያስመልሳል። የላካችሁት ትርፍ ግን ሄዷል።

«አንዴ ከተላከ አበቃ»

ይከብዳል፣ ባንክም እንደሚያስመልስ ቃል አይገባም። በራሳችሁ ፈቃድ የላካችሁት ገንዘብ በካርድ እንደተከፈለ በቀላሉ አይመለስም። ቢሆንም እንደጠረጠራችሁ ወዲያው ወደ ባንካችሁ ደውሉ። ገንዘቡ ከተቀባዩ አካውንት ካልወጣ ሊታገድ የሚችልበት ዕድል አለ፤ ይህ ዕድል በየሰዓቱ ይጠባል። የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ፣ ለፖሊስ አመልክቱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ ሰው ደውሎ «ገንዘብህ ተገኝቷል፣ የማስመለሻ ክፍያ ብቻ ላክ» ካለ፣ ቁጥራችሁን ያገኘው ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሊሆን ይችላል።