ሥራውን ሲጨርስ የሚሟሟ መሸፈኛ፦ የስኳር ሕመም ቁስልና ሰውነት የሚፈጫቸው ቁሶች

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግር ላይ የሚወጣ ቁስል ብዙ ጊዜ መነሻው ትንሽ ነገር ነው። ጠባብ ጫማ፣ ካልሲ ውስጥ የገባች ጠጠር፣ ጥፍር ሲቆረጥ የተነካ ሥጋ። ነርቩ ስለደነዘዘ አያመውም። ስላላመመው አያየውም። ሲያየው ካልሲው ረጥቧል። የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው እንዲህ ያለ ቁስል እንደሚገጥማቸው ይገመታል። በዚህ ሕመም ሰበብ የሚቆረጠው እግርም በአብዛኛው መነሻው ይኸው ቁስል ነው።

ለዚህ ቁስል ከተሠሩት ነገሮች መካከል ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ ሟሙተው የሚጠፉ ቁሶች አሉ። ባለሙያዎቹ «ባዮዲግሬደብል» ይሏቸዋል። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው «ክሩ ራሱ ይሟሟል፣ ለማስወጣት መምጣት አያስፈልግህም» ሲባል ሰምቶ ይሆናል። ያ ክር የሚሠራበት ቁስ ነው ዛሬ መረብ ሆኖ ቁስል ላይ የሚነጠፈው።

ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ቁስል እንዴት እንደሚድን ማየት ይበጃል። በመጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ከዚያ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፤ ሰውነት ቆሻሻና ጀርም የሚያጸዳው ያኔ ነው። ቀጥሎ አዲስ ሥጋ ይሞላል። በመጨረሻ ቆዳው ይጠነክራል። የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ግን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይቀራል። ደም በደንብ አይደርሰውም። የሞተ ሥጋ የሚያጸዱት ኢንዛይሞች ከልክ በላይ ይበዙና አዲሱንም ይበላሉ። በተለይ የሚያጠቁት ኮላጅንን፣ ማለትም ሥጋና ቆዳን አጽንቶ የሚይዘውን የፕሮቲን ድር ነው። ቀን የተሠራው ሌሊት ይፈርሳል እንደማለት ነው። ቁስሉም ለወራት ክፍት ሆኖ ይቀመጣል።

ከከብት ቆዳ የሚወጣ ኮላጅን ቁስሉ ላይ ሲደረግ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ኢንዛይሞቹ እሱን ሲበሉ የበሽተኛውን ሥጋ ይተዉለታል። ሁለተኛ፣ አዲስ ሕዋሳት የሚወጡበት መሰላል ይሆናል። ሕንፃ ሲሠራ ዙሪያውን የሚቆመውን የባሕር ዛፍ ርብራብ አስቡ። ሕንፃው ሲያልቅ ርብራቡ ይፈርሳል። እዚህ ግን ማንም አያፈርሰውም፤ ሰውነት ራሱ ይፈጨዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ተራ ጎዝ ቁስል ላይ ደርቆ ሲነሣ፣ በስንት ልፋት የበቀለውን ስስ ሥጋ ይዞት ይነሣል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ «አመመኝ፣ ቀስ በል» አይልም።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ልማድ ማንሣት አለብኝ። ብዙዎቻችን «ቁስሉ አየር ያግኝ፣ ይድረቅ» ስንባል ነው ያደግነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ አሳማዎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ የተሸፈነ ቁስል አየር ላይ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ እንደሚሸፍነው አሳየ። የዛሬዎቹ መሸፈኛዎች ሁሉ የዚህ ግኝት ልጆች ናቸው። ከቡናማ የባሕር አረም የሚሠራው አልጂኔት ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ መጥጦ ወደ ጄል ይለወጣል። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚገኘው ኪቶሳን ደም ያረጋል። እሱን የሚፈጨው በእንባና በምራቃችን ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው። በፋብሪካ ከሚሠሩት ውስጥ ደግሞ አንዳንዶቹ ሲፈርሱ ላክቲክ አሲድ ይሆናሉ፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ማለት ነው። ሰውነት ያውቀዋል፣ ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀይሮ ያስወግደዋል። መድኃኒት በውስጣቸው ተደርጎ ቀስ በቀስ እንዲለቁት የሚሞከሩትም እነዚህ ናቸው።

ታሪኩ ውስጥ ሁለት ስሞች ሳይነሡ አይታለፍም፦ ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዮአኒስ ያናስና የቦስተኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆን በርክ። ለተቃጠሉ ሰዎች ብለው ከከብት ኮላጅንና ከሻርክ ቅርጫጭት ከወጣ ቁስ ሰው ሠራሽ ቆዳ ሠሩ። በላዩ ስስ ሲሊኮን አለው፤ እሱ አይሟሟም፣ ከሳምንታት በኋላ ይነሣል። ከሥሩ ያለው ግን ቀርቶ በሥጋ ይተካል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1996 ለቃጠሎ፣ በ2016 ደግሞ ለስኳር ሕመም የእግር ቁስል ፈቀደው። 307 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት ይህ ቁስ ከተደረገላቸው 51 በመቶው በ16 ሳምንት ቁስላቸው ተዘጋ። የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ደግሞ የተዘጋላቸው 32 በመቶ ነበሩ። ደርማግራፍት የተባለው ሌላ ቁስ ደግሞ በሚሟሟ የክር መረብ ላይ ሕያው የቆዳ ሕዋሳት የበቀሉበት ነው። በእሱ ላይ በተደረገው ጥናት 30 በመቶ ዳኑ፣ በተለመደው ሕክምና የዳኑት 18 በመቶ ያህል ነበሩ።

ቁጥሮቹን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ልዩነት አለ። ግን ውዱን ቁስ ካገኙትም ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ፣ በጊዜው አልዳኑም። ኮላጅንን ከሴሉሎስ ጋር ቀላቅሎ 276 ሰዎች ላይ የተሞከረ መሸፈኛማ 37 በመቶ ከ28 በመቶ ቢያሳይም፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል ተብሎ አላሳመነም። ስለ ስኳር ሕመም እግር መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 የኮላጅንና የአልጂኔት መሸፈኛዎችን ቁስል ለማዳን ብላችሁ አትጠቀሙ ብሏል። ማርንም እንዲሁ። ማር እኛ ዘንድ ለቁስል የቆየ መድኃኒት ስለሆነ ይህ ሳይከብድ አይቀርም። ለእግር ቁስል ግን ማስረጃው ደካማ ነው።

እኔ በበኩሌ ተስፋ አልቆርጥም። ግን ቅደም ተከተሉ መዛባት የለበትም። ቁስሉ ላይ እየረገጠ የሚሄድ ሰው ምንም ቢነጠፍለት አይድንም። ሸክሙን ከቁስሉ የሚያነሣ ጄሶ ወይም ልዩ ጫማ ይቅደም። የሞተው ሥጋ ይጠረግ፣ የደም ስሩ ይመርመር፣ ኢንፌክሽን ካለ ይታከም፣ ስኳሩ ይስተካከል። ርብራብ መሠረት ላይ ነው የሚቆመው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ከእነዚህ ቁሶች አንዳንዶቹ ከአሳማ አንጀት የተሠሩ ናቸው። ለኦርቶዶክሱም፣ ለሙስሊሙም፣ ለቤተ እስራኤሉም ጥያቄ የሚሆን ጉዳይ ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ሃይፋ የሚታከም ወገናችን «ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ መብቱ ነው፤ አማራጭ አለና።

ከአማራጮቹ የዓሣ ቆዳ በጣም ይማርከኛል። አይስላንድ ውስጥ፣ ኢሳፍዮርዱር በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ የተጀመረው ኬሬሲስ የተባለ ድርጅት የኮድ ዓሣ ቆዳ ያዘጋጃል። ከዓሣ ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ስጋት እንደ ከብት ስለማያሳስብ ቆዳው በብርቱ ኬሚካል አይታጠብም። ተፈጥሯዊ ቅርጹና ስቡ ይቀርለታል። ጥልቅ ቁስል ያለባቸው 255 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ16 ሳምንት 44 በመቶው ዳኑ፤ በተለመደው ሕክምና የዳኑት 26 በመቶ ነበሩ። ብራዚል፣ ፎርታሌዛ ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች የቲላፒያን ቆዳ ከጀርም አጽድተው ለቃጠሎ ይጠቀሙበታል። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም፤ ያልጸዳ የዓሣ ቆዳ ቁስልን ይመርዛል።

ያ ቲላፒያ የአፍሪካ ዓሣ ነው። የእኛው ቆሮሶ። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የሄደ ሰው አይቶታል፦ አስጋሪዎቹ ሥጋውን ይለያሉ፣ ትራፊው ወደ ዳር ይጣላል፣ አባ ኮዳዎቹም እየተሻሙ ይውጡታል።