የሥራ ኮምፒውተርን ከስለላ ሶፍትዌርና ከኢንተርኔት ማጭበርበር መጠበቅ

የስለላ ሶፍትዌር የሚባለው ባለቤቱ ሳያውቅ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ተጭኖ የሚጻፈውን፣ የሚነገረውንና የሚከፈተውን ፋይል ለሌላ ወገን የሚያቀብል ፕሮግራም ነው። አንዳንዱ የሚነካውን የኪቦርድ ቁልፍ ሁሉ ይመዘግባል፤ አንዳንዱ ብራውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን በአጭር ጊዜ ገልብጦ ይሄዳል፤ ከበድ ያለው ደግሞ ማይክሮፎንና ካሜራ ከፍቶ ያዳምጣል፣ ያያል። የኢንተርኔት ማጭበርበር ብዙ ጊዜ ራሱን እንደቻለ ሌላ ወንጀል ይታያል። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን ሁለቱን መነጣጠል ያስቸግራል፤ አጭበርባሪው ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ማን ለማን እንደሚከፍል፣ መቼና በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደሚጻጻፉ ማወቅ ይፈልጋልና።

ከኢትዮጵያ ጋር በተያያዘ በጥናት በሚገባ የተመዘገቡት ጥቃቶች በውጭ አገር በሚኖሩ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ላይ የተፈጸሙት ናቸው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በዲሴምበር 2013 በአንድ ቀን ውስጥ፣ ያውም በሁለት ሰዓታት ርዝመት ውስጥ፣ በሁለት የኢሳት ሠራተኞች ላይ ሦስት ሙከራ መደረጉንና ሶፍትዌሩም ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሥራ መሆኑን አሳይቷል። ይኸው ተቋም በዲሴምበር 2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው ሶፍትዌር በውጭ ወዳሉ ኢትዮጵያውያን እንዴት ይላክ እንደነበር ዘርዝሯል። ኢሜይሉ ተቀባዩን ወደ አንድ የቪዲዮ ድረ ገጽ ይመራዋል፤ የገጹ ስም ከታወቀው ኢስትአፍሮ ጋር አንድ ሆኖ በመጨረሻው «ዶት ኮም» ፋንታ «ዶት ኔት» ይላል፤ ቪዲዮውን ለማየትም አዶቤ ፍላሽን አድሱ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ የሚወርደው ፋይል ሰላዩን ይዞ ይገባል። መንግሥታት ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉበት ይህ መሣሪያ እንኳን የገባው ማንኛውም ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ በየቀኑ በሚያደርገው ነገር፣ ማለትም ሰነድ በመክፈትና «አድስ» የሚለውን በመጫን መሆኑ ትልቅ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።

ዊንዶውስ እንደመጣ ሲሠራ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን የስም መጨረሻ ይደብቃል፤ «ኢኤክስኢ» የሚለው መጨረሻ ለምሳሌ ፋይሉ ፕሮግራም መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ «የዋጋ ማቅረቢያ ፒዲኤፍ ኢኤክስኢ» የሚል ሙሉ ስም ያለው ፕሮግራም በስክሪኑ ላይ በፒዲኤፍ ብቻ ያበቃል፤ አጥቂው የፒዲኤፍ ምልክት ከለጠፈበት ደግሞ በዓይን ለመለየት አይቻልም። በፋይል ማሳያው ቅንብር ውስጥ ሙሉው ስም እንዲታይ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር በመጀመሪያው ቀን ሊያየው የሚገባ ነው። በወርድና በኤክሴል ሰነድ ውስጥ የሚደበቁ ማክሮ የተባሉ ትናንሽ ፕሮግራሞችን በተመለከተ ማይክሮሶፍት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢንተርኔት በወረዱ ሰነዶች ላይ እንዳይሠሩ አግዷል፤ ሰነዱ እገዳውን አንሱልኝ ብሎ ከጠየቀ መዝጋትና ላኪውን በስልክ መጠየቅ ይሻላል።

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ባሉ ብዙ ቢሮዎች ግን ዋናው በር ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ ተሰብሮ የተከፈተ ሶፍትዌር ነው። ኮምፒውተሩ ሲገዛ ሻጩ ዊንዶውሱንና ኦፊሱን በማግበሪያ ፕሮግራም ከፍቶ ይሰጣል፤ ያ ፕሮግራም እንዲሠራ አንቲቫይረሱ መጥፋት አለበት፣ ከዚያም በኋላ ማንም አያበራውም። የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ፕሮግራሞች ከእንዲህ ዓይነቱ ማግበሪያ ጋር አብረው ሲሰራጩ በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ዋጋው እንደሚከብድ አይካድም፤ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ብቻ ለሚሠራ ቢሮ ግን ሊብረኦፊስን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም በቂ ነው፣ በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲፌንደር የተባለ አንቲቫይረስም ካልጠፋና ከታደሰ ጥሩ ይከላከላል። ማደስን በተመለከተ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅ የነበረው የዋናክራይ ጉዳይ ግልጽ ምስክር ነው፤ ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ በማርች 2017 ለቆ ነበር፣ ጥቃቱ የመጣው በሜይ ነው፣ የተመቱትም ያላደሱት ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ ዛሬም በእሱ የሚሠሩ ቢሮዎች ተመሳሳይ አደጋ ላይ ናቸው።

የገንዘብ ጉዳቱ የሚከብደው በክፍያ ደብዳቤ ማጭበርበር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ በዚህ መንገድ ጠፋ ተብሎ ሪፖርት የተደረገለት ገንዘብ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት ከአቅራቢው ጋር በኢሜይል ፕሮፎርማ ይለዋወጣል። ከሁለቱ የአንዱን የይለፍ ቃል የሰረቀ ሰው ለሳምንታት ሳይናገር ያነባል፤ የሚገባው መልእክት ቅጂ ለእሱ እንዲደርሰው በኢሜይሉ ቅንብር ውስጥ ደንብ ያስገባል። ክፍያው ሲቃረብ በአቅራቢው ስም፣ በተለመደው ፊርማና በዚያው የቀድሞ መልእክት ሰንሰለት ላይ «ባንካችን ኦዲት ላይ ስለሆነ በሚከተለው ሒሳብ ላኩልን» ብሎ ይጽፋል። አድራሻው በአንድ ፊደል ይለያል፤ በ«ኤም» ቦታ «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ሲጻፉ የደከመ ዓይን አይለያቸውም። ይህን የሚያስቆም ሶፍትዌር ተፈልጎ አይገኝም፤ የሚያስቆመው የሒሳብ ቁጥር በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ፣ በኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ሳይሆን፣ ማረጋገጥንና የሁለተኛ ሰው ፊርማን ግዴታ የሚያደርግ የቢሮ ደንብ ነው። ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ቸኩሎ «ዝም ብለህ ክፈል» ማለት እንዳይችል ደንቡ ሊያስረው ይገባል።

ቴሌግራም በኢትዮጵያ ቢሮዎች የፋይል ማመላለሻ ስለሆነ ለብቻው መታየት አለበት። በኮምፒውተር ላይ የተከፈተ ቴሌግራም የመግቢያ መረጃው በሃርድ ዲስኩ ላይ ስለሚቀመጥ ፋይሎቹን የገለበጠ ሌባ ያለ ኮድ ሊገባበት ይችላል። ከወዳጅ አካውንት «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ልኮ የመግቢያውን ኮድ ማስጠየቅም የተለመደ ነው፤ አካውንቱ በተወሰደ በሰዓታት ውስጥ ለባልደረቦች ሁሉ የብድር ጥያቄ ይደርሳል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ማብራትና የተከፈቱ መሣሪያዎችን ዝርዝር አልፎ አልፎ አይቶ የማያውቁትን መዝጋት ኮድ በማስጠየቅ የሚፈጸመውን በአብዛኛው ይከላከላል። የዕለት ሥራን በአስተዳዳሪ ሳይሆን በተራ ተጠቃሚ አካውንት መሥራትም የተሳሳተ አንድ ክሊክ ማሽኑን በሙሉ እንዳያስረክብ ያደርጋል፣ በቀላሉ የሚታለፍ ቢሆንም።

ጥቃት ሲጠረጠር ኮምፒውተሩን ከዋይፋይና ከኬብል መለየት፣ ነገር ግን ባለሙያ ሳያየው ፎርማት አለማድረግ ተገቢ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ ማስረጃውም ይጠፋል። የይለፍ ቃሎች የሚለወጡት ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ነው። ገንዘብ ከተላለፈ ባንኩ ወዲያውኑ ለተቀባዩ ባንክ የማስመለሻ መልእክት እንዲልክ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ተቀባዩ ባንክ የሚመልሰው ገንዘቡ ገና ሳይወጣ ከደረሰበት በመሆኑ እዚህ ላይ ሰዓታት ይቆጠራሉ። ያልተፈቀደ መግባት፣ መጥለፍና በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለል በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣሉ። ለፖሊስ የሚቀርበው ኢሜይል የስክሪን ፎቶ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ሰርቨር እንደመጣ የሚያሳየውን ራስጌ ጭምር የያዘ ዋናው ፋይል መሆን አለበት፤ ስለዚህ የማጭበርበሪያውን መልእክት በንዴት መደምሰስ አይገባም።